ድንኳኑን የተከለው ማን ነው?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤

በምኖርበት ሰፈር የሚገኘው እድር የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በቅርቡ አንዲት የታሪክ መጽሐፍ አሳትሟል። የእድሩ ዳኛ መጽሐፏን ይዘው እቤቴ ድረስ መጡና «መምህር፣ እርስዎ ዕድሜዎን በማስተማር የፈጸሙ ሰው ነዎት፤ እባክዎ ይህችን አንብበው መልካሙንም ጉድለቱንም በጠቅላላው ጉባኤ ፊት ይንገሩን» አሉኝ። ሰው መጽሐፉን አሳትሞ ከጨረሰ በኋላ አስተያየት የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ምስጋና ሲፈልግ መሆኑን ባውቅም፣ እሺ ብዬ ተቀበልሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በጉባኤው ፊት ያነበብሁት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውንም ጨምሬበታለሁ። የእድሩንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም፤ ነቀፌታዬ በሥራው ላይ እንጂ በሰዎቹ ላይ አይደለምና፤ ደግሞም ወደ መጨረሻው እንደምታየው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚነቀፈው ሰው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔው ነኝ።

ሒስ ማለት ነቀፋ ብቻ ማለት አይደለም። ሒስ ማለት ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ስንዴውን ላሳይ።

መጽሐፏ 72 ገጽ አላት። ሒሳቡን በግልጽ ታስቀምጣለች፤ ወርኃዊው መዋጮ በየዘመኑ ስንት እንደ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ እድሩ የራሱ ድንኳን ስላልነበረው ሸራ እየተከራየ ይሠራ እንደ ነበር፣ በኋላም ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳሕኑ በስንት ዓመት እንደ ተሟላ ትናገራለች። ገንዘብ የጎደለበትን አንድ ዓመት እንኳ አልሸሸገችም። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ጉድለቱን በራሱ እጅ የሚጽፍ ማኅበር ብዙ አይገኝምና። እድር በከተሞቻችን ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ እየተስፋፋ የመጣ፣ ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሳይጠብቅ ሕዝቡ ራሱ ያቆመው ተቋም ነው። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ብዙ ነገር ሲፈርስ እድር አልፈረሰም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ቀበሌም ሲቋቋም፣ እድር ቀብሩን ከመቅበርና ኀዘንተኛውን ከማጽናናት አልቦዘነም። የኤድስ በሽታ በከተማው ውስጥ ብዙ ቤት በዘጋ ጊዜም አያሌ እድሮች ሙት ከመቅበር አልፈው ሕያው በሽተኛን ወደ መርዳት፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትንም ወደ መደገፍ ተሻገሩ። የዚህን ዓይነት ተቋም ታሪክ መጻፍ ለልጆች ርስት ማውረስ ነው።

አሁን ወደ እንክርዳዱ ልመለስ። እኔ 36 ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህም መጽሐፍ ሳነብ ዓይኔ ሳልፈልገው ወደ ግሡ ይሄዳል። በዚህች መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ የሚል ቃል በየዓመቱ ዘገባ እየተደጋገመ አገኘሁ፤ «በዚህ ዓመት በደረሰው ኀዘን ሁሉ ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ እንግዳ ተስተናገደ»። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸውን ጥያቄ እኔም ጠየቅሁ፤ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው? በሰዋስው ሕግ ባለቤቱ ድንኳኑ ነው፤ ንፍሮው ነው፤ እንግዳው ነው። ነገር ግን ድንኳን ራሱን አይተክልም፤ ንፍሮም ራሱን አይቀቅልም። እውነተኛው አድራጊ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ወጥቶ ሄዷል።

ይህ የቋንቋው ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቸሁት ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ገጽ ላይ «ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን መሩ፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ተቆጣጠሩ፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ያዙ» ይላል። እዚህ ላይ አድራጊው አልጠፋም፤ ስሙም ከነማዕርጉ፣ ፎቶግራፉም ከነክራባቱ ተቀምጧል። እንግዲህ ልዩነቱን ልብ አድርግ። ተቀምጠው ለሚሠሩት ሥራ ባለቤት አለው፤ ቆመው ለሚሠሩት ሥራ ግን ባለቤት የለውም። በመጽሐፏ ውስጥ የተጻፉትን የሰው ስሞች ቆጠርኋቸው፤ 45 ሆኑ። ከነዚህ ውስጥ የሴት ስም ሁለት ብቻ ነው፤ አንዷ ለእድሩ ትልቅ የብረት ድስት የሰጡ፣ ሁለተኛዪቱም የአንዱ መሥራች ባልቴት ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው ስም አንድም የለም።

ምናልባት አንተ በከተማ የተወለድህ እንኳ ብትሆን ነገሩን በቅርብ ሆነህ አላየኸው ይሆናልና፣ በኀዘን ቤት የሚሠራውን ሥራ በአጭሩ ልንገርህ።

ሰው በሌሊት ሲያርፍ ጥሪው በየመንደሩ ይነገራል። ገና ሳይነጋ አምስት ስድስት ጎረምሶች የእቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለው የድንኳኑን ብረትና ሸራ በትከሻቸው ያመጣሉ፤ አግዳሚውን ይደረድራሉ፤ ዝናብ ከሆነም ቦይ ይቆፍራሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቢላዋቸውን ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ቧንቧው ውሃ ካጣ ውሃ በጀሪካን ከሩቅ ይቀዳል። ስንዴውና ሽምብራው ለንፍሮ ይለቀማል፤ ሽንኩርቱ ይላጣል፤ እሳቱ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም። እስከ ሰልስት ድረስ በየቀኑ ለመቶ ሰው ይቀርባል፤ የቀረበበትም ሳሕን ይታጠባል፤ ከታጠበ በኋላም አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ሳሕን ቢጎድል ተጠያቂው ያጠበው እንጂ የበላበት አይደለም። በመጨረሻም ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ወደ እቃ ቤቱ ይመለሳል።

አየህ? እኔም ሳላስበው «ይለቀማል፣ ይላጣል፣ ይታጠባል» እያልሁ ጻፍሁ። ልማድ እንዲህ ነው፤ ከእጅ ላይ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ አሁን ባለቤቱን ልጨምርበት። ድንኳኑን የሚተክሉት የአባላቱ ልጆች ናቸው፤ አባልነቱ በአባታቸው ስም ስለ ሆነ በጉባኤው ላይ ድምፅ የላቸውም። ወጡን የሚሠሩትና ሳሕኑን የሚያጥቡት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ከነርሱም ውስጥ ብዙዎቹ የራሳቸው የሴቶች እድር ቢኖራቸውም በዚህኛው እድር ስማቸው ያለው በባላቸው መዝገብ ሥር ነው። ውሃውን የሚቀዱትና የከበደውን ሁሉ የሚሸከሙት ደግሞ የየግቢው ዘበኞችና በሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ከቶ አባል አይደሉም።

ይህ አድራጊውን የመርሳት ልማድ የእድራችን ብቻ አይደለም። በገጠር ደቦ ሲጠራ ስንት ሰው እንደ ወጣ የሚቆጠረው በእርሻው ላይ ማጭድ የያዘውን ወንድ በማየት ነው። ሆኖም ያለ ጠላ ደቦ የለም፤ ጠላውም በአንድ ቀን አይደርስም። ጌሾውን የወቀጠችው፣ ብቅሉን ያበቀለችው፣ አሻሮውን የቆላችው ሴት ሥራዋን የጀመረችው አጫጆቹ ገና ሳይጠሩ ነበር። እርሷን ግን «ደቦ ወጣች» የሚላት የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መንግሥት በአገሪቱ ውስጥ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቆ ነበር። መትከሉ መልካም ነው፤ እኔም በዚያ ቀን ተክያለሁ፤ ፎቶግራፍም ተነሥቻለሁ። ነገር ግን ችግኝ የሚሞተው በሐምሌ አይደለም፤ በጥርና በየካቲት ነው። በጥር ወር በጀሪካን ውሃ ይዞ ወደ ተራራው የወጣውን ሰው ፎቶግራፍ ያነሣ አላየሁም።

ራሴም ከዚህ ልማድ ተጠቅሜአለሁ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የ18 ዓመት ወጣት ነበርሁ፤ ፊደል ለማስተማር ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ተላክሁ። ዘመቻው ኋላ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነበር። እርግጥ መላካችን በትእዛዝ ስለ ነበር ሙሉ በሙሉ በጎ ፈቃድ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን በፍቅር አስተምረናል። ስንመለስ የምስክር ወረቀት ተሰጠን። እኔ የምስክር ወረቀቴን እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ። ነገር ግን በነዚያ ወራት ሁሉ ማታ ማታ ከልጆቿ ቀንሳ ያበላችኝን፣ ለማስተማሪያ ብላ የራሷን ኩራዝ ያመጣችልኝን፣ ከእርሻና ከወፍጮ ስትመለስ ደግሞ ከተማሪዎቼ ጋር ተቀምጣ «ሀ ሁ» ያለችውን የቤት እመቤት ማን የምስክር ወረቀት ሰጣት? ያለ እርሷ ኩራዝ እኔ በጨለማ ምን አስተምር ነበር? ዘማቹ እኔ ነበርሁ፤ ዘመቻውን የተሸከመችው ግን እርሷ ነበረች።

የዓለም ቍጥርም ከዚህ የራቀ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በበጎ ፈቃድ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ቢደመር 109 ሚሊዮን ሰዎች ሙሉ ጊዜያቸውን ሰጥተው ከሚሠሩት ጋር እንደሚተካከል ገምቷል። ከዚህም ውስጥ 70 ከመቶ የሚሆነው በማናቸውም ድርጅት በኩል ሳያልፍ ሰው ለሰው በቀጥታ የሚያደርገው ነው፤ በዚህኛው ክፍል ውስጥ የሴቶች ድርሻ 59 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ «በበጎ ሥራ የሚሳተፈው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የማኅበራትን መዝገብ ብቻ ገልጦ የሚመልስ ሰው ከእህሉ ውስጥ የሚበዛውን ከአውድማው ውጭ ትቶ የሰፈረ ገበሬን ይመስላል።

ይህን በጉባኤው ፊት ባነበብሁ ጊዜ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተነሥተው «መምህር፣ በጎ ሥራ እኮ በስውር ሲሠራ ነው ዋጋ የሚኖረው፤ ስማቸውን ብንጽፍ ዋጋቸውን አናሳጣቸውምን?» አሉኝ። ቃሉ የሚከበር ነው፤ እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ በቀልድ ሳላልፈው መልስ ሰጠሁበት፤ መልሴም ይህ ነው። መሸሸግ የሠሪው መብት ነው እንጂ የጸሐፊው ሥልጣን አይደለም። ሰው የራሱን በጎ ሥራ ቢሰውር ትሕትና ነው፤ የሌላውን በጎ ሥራ ቢሰውር ግን ይህ ሌላ ስም አለው። ደግሞም ስውርነት ይህን ያህል የሚሻል ከሆነ፣ ስለ ምን የሊቀ መንበሩንና የጸሐፊውን ስም በትልልቅ ፊደል አተምን?

ስምና ዝርዝር የሚያመጣውን ፈተና አላውቅም ማለቴ አይደለም። የተማርሁበት ትምህርት ቤት በየቅዳሜው ተማሪዎቹን ለሰፈሩ አቅመ ደካሞች ውሃ እንዲቀዱና እንጨት እንዲፈልጡ ይልክ ነበር። መምህራችን የወጣውን ልጅ ስም በመዝገብ እየጻፉ ምልክት ያደርጉለት ነበር፤ እኛም ስለ ምልክቱ እንጣላ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መዝገቡን ተዉት። በሚቀጥለው ወር ከሠላሳው ልጅ የቀረነው ሰባት ብቻ ሆንን። «ቀረነው» ስል በሐሰት ራሴን አስገብቼ ነው፤ እኔ በሦስተኛው ቅዳሜ ቀርቻለሁ። የቀሩት ሰባት ልጆች እነማን እንደ ነበሩ እስከ ዛሬ አልረሳም። በቤታቸውም ውሃ የሚቀዱ፣ ጫማ የሌላቸው የድሆች ልጆች ነበሩ። ለእኛ ቅዳሜ ልዩ ቀን ነበረች፤ ለእነርሱ ግን እንደ ማናቸውም ቀን ነበረች።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መዝገብ ሰውን ወደ ሥራ ይጠራል፤ ነገር ግን በሥራው አያጸናውም። ሁለተኛው፣ መዝገቡ ሲነሣ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ መዝገቡ በትክክል ያላያቸው ሰዎች ናቸው። በእድራችንም ቀሪ የሆነ ሰው ይቀጣል፤ ሀብታሙ ቅጣቱን ከፍሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ድሀው ቅጣቱን መክፈል ስለማይችል ይመጣል። እንግዲህ የስም ጥሪውን ብቻ ያየ ሰው «ድሀው መጣ፤ ሀብታሙ ግን ከፈለ፤ ሁለቱም ግዴታቸውን ፈጸሙ» ይላል። በገንዘብ የተፈጸመና በጉልበት የተፈጸመ ግዴታ በሒሳብ መዝገብ እኩል ሊሆን ይችላል፤ በኀዘንተኛው ዓይን ግን እኩል አይደለም።

በሌላ በኩል ፍርዴ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ይህንንም መናገር አለብኝ። ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ባይኖሩ እድር በሁለት ዓመት ይፈርሳል። እነርሱም ደመወዝ የላቸውም፤ እሑዳቸውን ይሰጣሉ፤ ሐሜትም ይቀበላሉ። ሥራቸው በጎ ሥራ ነው። የኔ ክርክር የነርሱ ስም ለምን ተጻፈ አይደለም፤ የሌላው ለምን ቀረ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኛ ግን ሸክሙን ለሃምሳ ሰው አካፍለን ጌጡን ለአምስት ሰው ሰጠነው። ስማቸው በሥራቸው ልክ የተነገረላቸው ሰዎችም አልጠፉም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው፣ በረኀቡ ዘመን ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይዘው ሲመለሱ፣ በማናቸውም የበጎ አድራጎት መዝገብ ላይ ያልተጻፉ አንዲት ሴት ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አወቃቸው፤ አገርም አለቀሰላቸው። ነገር ግን ሥራቸው በጎ የሆነው አገር ባወቃቸው ቀን አይደለም፤ እነዚያን ሁለት ሕፃናት ባነሡ ቀን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። መጽሐፏን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ በ41ኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አንድ መስመር አገኘሁ፤ «በ2001 ዓ.ም. ከደንብ ውጭ የቀረበ አንድ የድንኳን ጥያቄ ተቀባይነት አጣ»። ጥያቄውን ያቀረበው ማን ነው? ያልተቀበለውስ ማን ነው? ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም። በብስጭት እርሳሴን አንሥቼ ልሰርዘው ስል ቃሉን አወቅሁት። የኔ ቃል ነበር። ከ1990 እስከ 2004 ዓ.ም. የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ፤ የመጽሐፏ አዘጋጆችም ያን ዘመን የገለበጡት ከኔ ቃለ ጉባኤ ነው። ያን ሁሉ «ተተከለ፣ ተቀቀለ» የለመዱትም ከኔው ነው። አማርኛ መምህር ሆኜ ባለቤትን ከዓረፍተ ነገር ማውጣት ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሰፈራችን በአንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ፣ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የምትኖር ሴት አለች። በየኀዘን ቤቱ ከመጀመሪያዎቹ ደራሾች አንዷ ናት። በነሐሴ ወር 2001 ዓ.ም. ልታሳክማት ከገጠር ያመጣቻት እናቷ በእጇ ላይ ሞተችባት። በሌሊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ በሬ መጣችና «ጋሼ፣ እናቴ ዐረፈችብኝ፤ ድንኳኑን ለአንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ» አለችኝ። ኮሚቴው በኔ ሳሎን ተሰበሰበ። እኔም ደንቡን አውጥቼ፣ አባል ላልሆነ ሰው ንብረት እንደማይሰጥ የሚያዘውን አንቀጽ በጥሩ ንባብ አነበብሁ። ሁላችንም ተስማማን። አባል ያልሆነችው ስላልፈለገች አልነበረም፤ የመመዝገቢያው ገንዘብ ከአቅሟ በላይ ስለ ነበረ ነው። መመዝገቢያውም በየጊዜው የሚጨምረው የእድሩ ንብረት እየበዛ ስለ ሄደ ነው፤ አዲስ ገቢ በድንኳኑና በሳሕኑ ላይ ድርሻ ያገኛልና። ልብ አድርግ፤ እርሷ አጥባ፣ ቆጥራ፣ ሳይጎድል ያስመለሰችው ሳሕን ዋጋው ተደምሮ እርሷኑ ከበር መለሳት። ያን ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ እርሷም በተዋሰችው ላስቲክ ሥር ተቀምጣ እናቷን አለቀሰች። እኔ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ ከላይ ያነበብኸውን አንድ መስመር ጽፌ ተኛሁ።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ባለቤቴ ዐረፈች። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጓሮ ስወጣ ያች ሴት እሳቱ ዳር ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። የጠራት ሰው አልነበረም። እስከ ሰልስት ድረስ አልተለየችም። እኔም ስትሄድ እንደ ማንኛውም ሰው እጇን ጨብጬ አሰናበትኋት፤ ስለ 2001ዱ ሌሊት አንድ ቃል አልተናገርሁም።

በጉባኤው ላይ ይህን ሁሉ ተናግሬ ሁለት ነገር አሳሰብሁ። የመጀመሪያው፣ ሳይጻፉ የቀሩት ሰዎች ስም በተጨማሪ ገጾች ታትሞ ከመጽሐፏ ጋር እንዲያያዝ፤ ሁለተኛው፣ የመመዝገቢያው ገንዘብ ለተከራዮች በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል፣ በጉልበታቸው ያገለገሉትም አገልግሎታቸው እንዲታሰብላቸው። የመጀመሪያው በጭብጨባ ጸደቀ። ሁለተኛው ግን «ጥናት ያስፈልገዋል» ተብሎ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ። ምስጋና ርካሽ ነው፤ ድርሻ ግን ውድ ነው።

ለተጨማሪው ገጽ ስም እንድሰበስብ ስለ ታዘዝሁ ወደዚያች ሴት ዘንድ ሄድሁ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከዚያም በኔ ቤት ኀዘን ጊዜ ስለ ምን እንደ መጣች ጠየቅኋት። «ለቅሶ ነዋ ጋሼ! ለቅሶ ምን ደንብ አለው?» አለችኝ። ቀጥዬም ስሟ በመጽሐፍ ሊጻፍ መሆኑን በደስታ ነገርኋት። እርሷም ምጣዱን እያሰሰች ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ጋሼ፣ ስሜን መጽሐፉ ላይ ከሚጽፉልኝ መዝገቡ ላይ ይጻፉልኝ» አለችኝ። የመመዝገቢያውን ገንዘብ እኔ ልክፈልልሽ ብላት ግን «እኔ ምጽዋት አልጠየቅሁም» ብላ ከለከለችኝ። ስሟን እዚህም ያልጻፍሁት ስለዚህ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ሳይጻፍ በወረቀት ላይ እንዲያምር አልፈለገችም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ነገ አንተም አንቺም የማኅበር ጸሐፊ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ወይም የታሪክ ጸሐፊ ትሆናላችሁ። የበጎ ሥራ ዘገባ በእጃችሁ በገባ ጊዜ፣ ይልቁንም ራሳችሁ በምትጽፉት ጊዜ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥራውን በእጁ የሠራው ማን ነው? ሲመሰገንስ የተጠራው ማን ነው? በመጨረሻም፣ ሥራውን ሠርቶ ከፍሬው እንዳይካፈል በደንብ የተከለከለ ሰው አለን? የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ የመለሰ ሰው ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ ሦስተኛውን የጠየቀ ግን ጥሩ ሰው ነው።

የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከፋሲካ በኋላ ነው። ያን አንቀጽ እንደ ገና አነሣዋለሁ፤ ቢወድቅም በሚቀጥለው አነሣዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ትከሻዬ ድንኳን ለመሸከም የማይበቃ ስለ ሆነ፣ ባለፈው ወር በሰፈራችን በደረሰ ኀዘን ቢላዋዬን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድሁ። ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ ከዚያም ቦታ ለቀቁልኝ። ሽንኩርቱን የላጥሁት እኔ ነኝ።